ከድል በኋላ የተሮጠ ሩጫ፦ ሻምበል አበበ ቢቂላና «አትሌቱ» የተባለው ፊልም

የሰንጋ ተራን ታሪክ ስሙ ራሱ ይናገራል። ሰንጋ ይሸጥበት የነበረው ሥፍራ ዛሬ የባንክና የመድን ድርጅቶች ሕንጻዎች ጎን ለጎን የቆሙበት የገንዘብ ሠፈር ሆኖአል። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ብቻውን ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ከዚሁ ሠፈር ጥቂት ራመድ ሲባል በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተከፈተው፣ በኋላም ብሔራዊ የተባለው ቴአትር ይገኛል። ከቴአትሩ ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም የሚወስደውም መንገድ ረጅም አይደለም። እንግዲህ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያለቅስበትና የሚያጨበጭብባቸው ሁለቱ ቤቶች፣ መድረኩና ሜዳው፣ በእግር የሚዳረሱ ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው።

ጉርብትናቸው እንዲህ የቀረበ ቢሆንም፣ የሜዳው ታላቅ ጀግና የሕይወት ታሪክ በድራማ መልክ ተሠርቶ «አትሌቱ» በሚል ርእስ ለተመልካች የቀረበው ጀግናው ካረፈ ከ35 ዓመታት በኋላ ነው። ይህም ፊልም ብዙዎች የሚጠብቁትን የድል ታሪክ ሊያወሳ የተነሣ አልነበረም። የመረጠው የታሪክ ክፍል በትምህርት ቤት መጻሕፍትና በመታሰቢያ በዓል ንግግሮች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚታለፈውን ነው። ያ ዓረፍተ ነገር የታወቀ ነው፦ «በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆነው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐረፈ።» በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከአራት ዓመት ተኩል በላይ የሆነ ዘመን ተጠቅልሎአል። በዚያም ዘመን ውስጥ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ያደረገው ትግል አለ።

የትግሉን ክብደት ለመመዘን አስቀድሞ የከፍታውን ልክ ማስታወስ ያስፈልጋል።

አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ በደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ጃቶ በተባለች የገጠር ቀበሌ ተወለደ። በልጅነቱ ከብት ጠበቀ፤ ካደገም በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ሆነ። በዚያም ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን ተመልክተው ለረጅም ርቀት ሩጫ አዘጋጁት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማታ፣ ኢትዮጵያውያን አዲሱን ዓመት ለመቀበል በዋዜማ ላይ ሳሉ፣ በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ ፈጸመ። በመንገዱ ዳር ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። እስከ መጨረሻው አብሮት የሮጠውን ሞሮኮአዊ ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ የሄደው ወደ መድረሻው ሲቃረብ፣ ፋሺስቶች ከአክሱም ነቅለው የወሰዱት ሐውልት በቆመበት አጠገብ ነው። ይህ አጋጣሚ ለኢትዮጵያውያን ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ትርጉም ነበረው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ሌላ ድል ተከተለ። አበበ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ገና ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር። ይሁን እንጂ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሴኮንድ ከሁሉ ቀድሞ ገባ፤ ሌሎቹ ሯጮች ገና በመንገድ ላይ ሳሉም በሜዳው ሣር ላይ የአካል ማፍታቻ እንቅስቃሴ ይሠራ ጀመር። በኦሎምፒክ የማራቶን ውድድር ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከእርሱ በፊት አልነበረም። ከንጉሠ ነገሥቱ ከተሰጡት ሽልማቶችም አንዱ ነጭ ቮልስዋገን መኪና ነበር።

በሦስተኛው ኦሎምፒክ ግን፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ ታሞ የነበረው እግሩ አላስሮጥ ብሎት ገና እኩሌታው ሳይደርስ ውድድሩን አቋረጠ። ድሉን የወሰደው የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ ነው። ሜዳሊያው ከኢትዮጵያ እጅ አልወጣም፤ ከአበበ እጅ ግን ወጥቶአል። የፊልሙን መንፈስ ለመረዳት ይህችን ወቅት ልብ ማለት ይገባል። አበበ ከመኪናው አደጋ በፊት እንኳ «ከእንግዲህ ማን ነኝ?» ከሚል ጥያቄ ጋር ተፋጥጦ ነበርና።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከሜክሲኮ ከተመለሰ ገና ጥቂት ወራት እንደሆነው፣ በሸኖ አቅራቢያ ያ የሽልማት መኪና ተገለበጠ። አበበ እስኪነጋ ድረስ በውስጡ ተይዞ አደረ። ሲነጋ ሰዎች አውጥተው ወደ ክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ወሰዱት። በመጀመሪያ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም ነበር። በሳምንቱ፣ መጋቢት 20 ቀን፣ ስቶክ ማንደቪል ወደተባለው የእንግሊዝ አገር ሆስፒታል ተላከ፤ በዚያም ስምንት ወር ያህል ታከመ። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱለት። እግሮቹ ግን አልተመለሱም።

ይህ ሆስፒታል ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎች አብዛኛዎቹ ብዙ ሳይቆዩ ይሞቱ ነበር፤ ሐኪሞችም ተስፋ እንደሌላቸው ይቆጥሩአቸው ነበር። ከናዚ ጀርመን ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን በ1936 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል የአከርካሪ ጉዳተኞች ክፍል ሲያቋቁሙ ይህን አስተሳሰብ ተቃወሙ። በሽተኛው በየሁለት ሰዓቱ እየተገላበጠ ገላው ከቁስል እንዲጠበቅ አደረጉ፤ ከዚህም ጋር ሥራና ስፖርት የሕክምናው አካል እንዲሆኑ ደነገጉ። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት በዚያው ዕለት፣ በሆስፒታሉ ግቢ 16 የቀድሞ ወታደሮች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በቀስት ውርወራ ተወዳደሩ። ዛሬ ፓራሊምፒክ የሚባለው ታላቅ ውድድር የበቀለው ከዚህች ትንሽ ዘር ነው።

እዚህ ላይ ታሪክ ያስቀመጠው አንድ አስደናቂ ግጥምጥሞሽ አለ። የስቶክ ማንደቪል ውድድር ከእንግሊዝ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ከተማ የተካሄደው በሮማ ነው፤ የተከፈተውም መስከረም 8 ቀን 1953 ዓ.ም. ነበር። ይህም አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ ማለት ነው። በዚያች ከተማ የዓለም ጋዜጦች ስለ አበበ እግሮች ብዙ ከጻፉ በኋላ፣ መራመድ የማይችሉ 400 ያህል ስፖርተኞች ከ23 አገሮች ተሰብስበው ተወዳደሩ። አበበ በዚያን ጊዜ ስለ እነርሱ ያወቀው ነገር ይኑር አይኑር ታሪክ አልመዘገበም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን የእነርሱ ባልንጀራ ሆነ።

«አትሌቱ» የተባለው ፊልም የሚያተኩረው በዚህ ክፍል ላይ ነው። ፊልሙን በጋራ ያዘጋጁት ኢትዮጵያዊው ራሴላስ ላቀውና አሜሪካዊው ዴቪ ፍራንክል ናቸው። ራሴላስ ከአዘጋጅነቱ ጋር የአበበን ገጸ ባሕርይ ራሱ ተጫውቶአል። ፊልሙ የታላላቅ ኩባንያዎች ገንዘብ ያልፈሰሰበት የነጻ አዘጋጆች ሥራ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በኤዲንብራ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ታየ። በሚከተለውም ዓመት ኢትዮጵያ በውጭ አገር ቋንቋ ለሚሠሩ ፊልሞች በሚሰጠው የአሜሪካ የአካዳሚ ሽልማት ውድድር እንዲቀርብላት የላከችው ፊልም ሆነ። ኢትዮጵያ ለዚህ ውድድር ፊልም ስትልክ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ለመጨረሻ እጩነት ባይመረጥም፣ በአገሪቱ የሲኒማ ታሪክ ውስጥ ቦታው አይረሳም።

የፊልሙ አሠራር ከአቅሙ ጋር የተመጣጠነ ነው። የሮማና የቶኪዮ ሩጫዎች በብዙ ሺህ ተዋናዮች እንደገና አልተሠሩም፤ በዘመኑ የተነሡት የዜናና የኦሎምፒክ ፊልሞች ናቸው ከድራማው ጋር የተሰፉት። በዚህም የተነሣ ተመልካቹ አንድ ጊዜ እውነተኛውን አበበ፣ አንድ ጊዜ ተዋናዩን ያያል። ይህ በመጀመሪያ የገንዘብ እጥረት የወለደው ዘዴ ቢመስልም ከትርጉም የራቀ አይደለም። እውነተኛው አበበ ባለፈው ዘመን ይሮጣል፤ የፊልሙ አበበ አልጋ ላይ ተኝቶ ያስታውሳል። ሯጩና በሽተኛው ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ሆነው መታየታቸው የአበበ የራሱ ችግር ነበር። ያ እኔ ነበርሁን? ይህስ እኔ ነኝን? የሚለው ጥያቄ ያለ ቃል ይቀርባል።

ፊልሙ ታሪካዊ ድራማ እንጂ የታሪክ ሰነድ እንዳልሆነ መዘንጋት አይገባም። በሆስፒታሉ ክፍል የሚደረጉት ንግግሮች በአዘጋጆቹ የተደረሱ ናቸው። አበበ በሕይወት ሳለ ዝምተኛ ሰው እንደነበረ ስለሚታወቅ፣ በዚያ አልጋ ላይ ያሰበውን ሁሉ አውቃለሁ የሚል ጸሐፊም ሆነ አዘጋጅ አይገኝም። ይሁን እንጂ የታሪክ ጸሐፊ ማስረጃ ባጣበት ቦታ ዝም የማለት ግዴታ ሲኖርበት፣ ድራማ ግን የዝምታውን ክብደት የማሳየት ፈቃድ አለው። ፊልሙ ይህን ፈቃድ በቁጠባ ተጠቅሞበታል። ጀግናውን ሲያለቅስ አብዝቶ አያሳይም፤ ምክርም አያስነግረውም። ቁጣው፣ መራራነቱና ኩራቱ አብዛኛውን ጊዜ በፊቱ ላይ ይነበባሉ።

በተራራ ወጪዎች ዘንድ የታወቀ አንድ እውነት አለ፤ ጫፉ ላይ መድረስ የጉዞው እኩሌታ ነው። እንግሊዛዊው ጆ ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1985 በፔሩ የሚገኘውን ሲዩላ ግራንዴ የተባለ ተራራ ከወጣ በኋላ እግሩ የተሰበረው በመውረድ ላይ ሳለ ነው። እየተሳበም ወደ ሠፈሩ የተመለሰበት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2003 ፊልም ሆኖ ታይቶአል። እንዲህ ባለው ፊልም ውስጥ ተራራው በውጭ ቆሞ የሚታይ ስለሆነ፣ ተመልካቹ የሰውየውን ትግል በዓይኑ ሊለካው ይችላል። የአበበ ተራራ ግን አይታይም። ከፍታው በሮማና በቶኪዮ ተጠናቆአል፤ ቁልቁለቱ ደግሞ በአንድ ሌሊት መጣ። የቀረው መውጣት በአልጋና በተሽከርካሪ ወንበር መካከል ያለችውን ክንድ የማትሞላ ርቀት በእጅ ጉልበት መሻገር ነበር። ፊልሙ ይህችን ርቀት ከማራቶኑ ርቀት ጋር ያስተያያል፤ ማነጻጸሩም ግነት የለበትም።

ድል ያደረገ ሰው ከድሉ በኋላ የሚደርስበትን የመንፈስ ጭንቀት ለመረዳት ከዚያው ከቶኪዮ ውድድር ሌላ ምሳሌ ይገኛል። በዚያን ቀን ሦስተኛ የወጣው ጃፓናዊው ኮኪቺ ጹቡራያ ነበር። ወደ ስታዲየሙ የገባው ከአበበ ቀጥሎ በሁለተኛነት ሲሆን፣ በአገሩ ሕዝብ ፊት እንግሊዛዊው ባዚል ሂትሊ ቀደመው። ጹቡራያም እንደ አበበ ወታደር ነበር። ለሜክሲኮ ሲዘጋጅ ጉዳት ደረሰበት፤ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1968 ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በአንድ መድረክ ላይ ከቆሙት ሦስት ሰዎች አንዱ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የአበበ መትረፍ በተፈጥሮው ጠንካራ ስለነበረ ብቻ እንደ ቀላል ነገር ሊታለፍ አይገባም። ሰው በሚወደው ነገር ሲሰበር የሚተርፈው ሌላ የሚወደው ነገር ሲያገኝ፣ ወይም ያንኑ ነገር በሌላ መልክ ሲያገኘው ነው።

አበበ ያንኑ ነገር በሌላ መልክ አገኘው። ቀስት ማነጣጠር ለመደ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ በስቶክ ማንደቪል ውድድር ላይ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። የዚህን ትርጉም ማስተዋል ያስፈልጋል። የዓለምን ክብረ ወሰን ሁለት ጊዜ የያዘ ሰው፣ ማንም በማያውቀው የስፖርት ዓይነት ጀማሪ ሆኖ ለመሸነፍ ፈቀደ። ለአንድ ሻምፒዮን ከዚህ የሚከብድ ትሕትና ይገኛል ለማለት ያስቸግራል። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ ተጋበዘ። ጥሪው ለክብር እንግድነት ቢሆንም እርሱ ተቀምጦ መመልከትን አልመረጠም። ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ መንሸራተቻ የ25 ኪሎ ሜትር ውድድር ገብቶ፣ ርቀቱን በ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ፈጽሞ ከተወዳደሩት ሁሉ ቀደመ። የሸዋ ደጋ ልጅ በአውሮፓ ሰሜናዊ በረዶ ላይ እንደገና ቀዳሚ ሆነ። ፊልሙም ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ተመልካቹን የሚወስደው ወደዚህ ነጭ ሜዳ ነው፤ የሮማ ችቦና የኖርዌይ በረዶም በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ይገናኛሉ።

በኢትዮጵያ የፊልም ታሪክ ውስጥ «አትሌቱ» ብቻውን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2008 የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የፊልም ጽሑፍ ሽልማትን አግኝቶ ነበር። የ«ጤዛ» ዋና ገጸ ባሕርይ አንበርብር በጀርመን አገር አንድ እግሩን አጥቶ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለስ ምሁር ነው። በአንድ ዓመት ልዩነት የታዩት እነዚህ ሁለት የነጻ አዘጋጆች ሥራዎች የአካል ጉዳት የደረሰበትን ሰው መካከለኛ ቦታ ላይ አስቀመጡት። የሁለቱ ልዩነት ግን ግልጽ ነው። የአንበርብር ስብራት የአንድ ትውልድ የፖለቲካ ስብራት ምሳሌ ሲሆን፣ የአበበ ስብራት ምሳሌነት አልተጫነበትም። በፊልሙ ውስጥ አበበ አገር አይደለም፤ ባንዲራም አይደለም። አንድ ሰው ነው። ለብዙ ዓመታት በስሙ ላይ አገር ሁሉ ስለተጫነበት፣ ይህ ሸክሙን ማራገፍ የፊልሙ ትልቁ ውለታ ሊባል ይችላል።

ከኖርዌይ በኋላ የቀረው ዘመን አጭር ነበር። በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ በሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት በተገኘ ጊዜ፣ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ላይ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ አጨበጨበለት። የማራቶኑ ውድድር የተደረገው ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ነው፤ ከሮማው ሌሊት ጀምሮ ልክ 12 ዓመት ሞልቶ ነበር። ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከተቀበለ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ወደተቀመጠው አበበ ቀርቦ እጁን ጨበጠ። ማሞ ወልዴም በዚያ ውድድር ሦስተኛ ወጥቶ ነበር። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. አበበ በ41 ዓመቱ በአንጎል ውስጥ ደም ፈስሶ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱ የሐዘን ቀን አወጁ፤ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብም በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ቀበረው።

ሕዝቡ በዚያ ቀን የቀበረው ማንን ነበር? የሮማውንና የቶኪዮውን ሯጭ እንደነበረ አያጠራጥርም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የኖረውን፣ ቀስት የለመደውን፣ በበረዶ ላይ ያሸነፈውን ሰው ግን አገሩ ገና በሚገባ አልተዋወቀውም ነበር። ዛሬም ስሙ በተጠራ ቁጥር ወደ ዓይን የሚመጣው ሥዕል ባዶ እግር ነው። በዚያው ሥዕል አጠገብ የተሽከርካሪው ወንበር ሥዕል ቢሰቀል ክብሩን አይቀንስበትም። ይልቁንም በጦርነት፣ በሥራና በመንገድ አደጋ አካላቸው ለተጎዳ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን፣ ከቤት ወጥተው ከሰው ፊት ለመቅረብ ላፈሩትም፣ ከሁሉ የቀደመው ሰው አንድ ጊዜ የእነርሱ ባልንጀራ እንደነበረ ይነግራቸዋል።

ይህን የሚናገረው ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርዝመት ያለው፣ በጥቂት ሰዎች ጽናት የተሠራ ፊልም መሆኑ ለሙያው ሰዎች ትምህርት ነው። በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የተሰጣቸው ሌሎች ዘመናትና ሌሎች ሰዎች አያሌ ናቸው። የሰንጋ ተራ ከፍታ በሜትር ሊለካ ይችላል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በሚገኘው መድረክና በሜዳው መካከል ባለው መንገድ ላይ ግን፣ በሜትር የማይለካ መውጣትና መውረድ ያሳለፉ ሰዎች በየቀኑ ይመላለሳሉ። የእነርሱም ታሪክ ከአንዲቱ ዓረፍተ ነገር የሚያወጣውን ይጠብቃል።